የቸሩ ሚውራ፣ የማህጁብ ቴስታሮሳ

ማህጁብ ከመንገዱ ጀምሮ እያለቀሰ መጥቶ የቸሩ ይመር ግቢ በር ላይ ሲደርስ፣ እንደ ልማዱ ቀኝ እግሩን ከፍ አድርጎ አነሳ። እዚያ በር ላይ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ጀርባው ብቻ የወጣ ትልቅ ድንጋይ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ድንጋይ እየተሻገረ ነው የገባው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቢመጣ እንኳ እግሩ ያውቀዋል። ዛሬ ግን ድንጋዩ የለም። የተነሳው እግር የሚያርፍበት አጥቶ ልሙጥ ሲሚንቶ ላይ ዘጭ አለ። "ወንድሜን! ወንድሜን!" የሚለው ለቅሶ መሃል ላይ ተቆረጠና ማህጁብ ተንደርድሮ የድንኳኑን ምሰሶ አቅፎ ቆመ።

ቀና ሲል ባነሩን አየው። ለቅሶው ጨርሶ የቆመው ያን ጊዜ ነው።

ባነሩ ላይ ቸሩ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ቆሟል። መካኒኩ ቸሩ በሕይወቱ ከረባት አስሮ አያውቅም። ጭንቅላቱ ከቀበሌ መታወቂያው የተወሰደ ነው፤ ከአንገት በታች ያለው ግን ባነር ሠሪው ለሟች ሁሉ የሚያድለው የሌላ ሰው አካል ነው። ጣቶቹ ለስላሳ ናቸው፤ ጥፍሮቹ ሥር ጠብታ ግራሶ የለም። ያ የሰው እጅ ደግሞ የተደገፈው አንድ ቀይ መኪና ላይ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ጎኑ ከበሩ እስከ ኋላ ጎማው ድረስ የተሰመረ፣ የፊት መብራቱ የተከደነ።

ፌራሪ ቴስታሮሳ። የማህጁብ መኪና።

የማህጁብ መኪና ሲባል ማህጁብ አለው ማለት አይደለም። ማህጁብ ያለው አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነው፤ እሱም አሁን ካማሺ መንገድ ላይ ድንጋይ ተደግፎ ቆሟል። ቴስታሮሳው የማህጁብ የሆነው ስለተሟገተለት ነው። ቸሩ ደግሞ ለላምቦርጊኒ ሚውራ ይሟገታል። ሁለቱም መኪኖች ጣልያን ናቸው፣ ሁለቱም ከአሶሳ ሰማይ በታች ታይተው አያውቁም፤ ሁለቱ ሰዎች ግን አሥራ ሁለት ዓመት ተከራከሩባቸው።

"አምኗል!" አለ ማህጁብ በልቡ። "ወላሂ አምኗል! ሊሞት ሲል እጁን ሰጠ።"

ደስ አለው። ወዲያው ደስ ማለቱ አሳፈረውና ለቅሶውን ካቆመበት ሊቀጥል ሞከረ። ለቅሶ ግን እንደ ናፍጣ ሞተር ነው፤ አንዴ አየር ከገባበት በቀላሉ አይነሳም። ሁለት ሦስቴ አጉረመረመና ተወው።

የእድሩ ዳኛ ታረቀኝ ክንዱን ይዞ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ካርታ ከሚጫወቱት ሰዎች አጠገብ አስቀመጠው። ታረቀኝ ሳቅ የማያውቅ ፊት አለው፤ ለእድር ዳኝነት የተመረጠውም ለዚያ ፊት ነው ይባላል።

"ቀብሩን እንኳ ሳትደርስ" አለው በሹክሹክታ። "ትናንት ስንቀብር ሰው ሁሉ አንተን ነው የጠየቀ።"

"ፍሪሲዮን ተቃጠለ። ኔትወርክ የለ፣ የሚጭነኝ መኪና የለ። ሁለት ቀን መንገድ ላይ ተኛሁ።"

"ያ ሌላው መካኒክ፣ ለሜሳ፣ ያሰረልህ ፍሪሲዮን ነው?"

አሶሳ ውስጥ የማይታወቅ ነገር የለም።

"በሩ ላይ የነበረው ድንጋይስ?" አለ ማህጁብ ወሬ ለመቀየር።

ታረቀኝ ይበልጥ ተጠጋው። "የዛሬ ሦስት ሳምንት ራሱ አስነሳው። ስንት ሰው ጣቱን ሲሰበር፣ ሚስቱ ስንቴ እንስራ ሰብራበት ሲለመን እንቢ ያለ ሰው! አንድ ቀን የቀን ሠራተኛ ጠርቶ አስቆፍሮ በሲሚንቶ አስለሰነው። ምን እንደሆነ ትናንት ነው የገባን። ሬሳውን የሚሸከሙት እንዳይደናቀፉ ነው። ሞቱን አውቆት ኖሯል።"

ካርታ የያዙት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ "የተመረጠ ነበር" አለ፤ ቸሩ በአንድ ቀን አርባ ጊዜ ሲሳደብ የኖረ ሰው መሆኑን ረስቶ።

ነገሩ የጀመረው በካሌንደር ነው። ማህጁብ በዚያ ዘመን ለግድቡ ሠራተኞች ሽንኩርትና ማንጎ ጭኖ ወደ ማንኩሽ ይመላለስ ነበር። አንድ ጣልያናዊ ሠራተኛ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ያለፈበት ካሌንደር ሰጠው፤ በየወሩ አንድ የድሮ መኪና ያለበት። ማህጁብ እዚሁ ግቢ ውስጥ ወዳለው የቸሩ ጋራዥ ይዞት መጣ፤ ሁለቱ ግራሶ የነካው ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ወር በወር ገለጡት። ከአሥራ ሁለቱ ወር አሥሩን ለጎረቤት አደሉ። ቸሩ ማርችን ያዘ፣ ማህጁብ ኦክቶበርን፤ ሁለቱም ጋራዡ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቀሉ።

ማርች ላይ ያለችው ሚውራ ናት፤ ብርቱካናማ። ቸሩ ፎቶዋን በወደደበት ቅጽበት ዕድሜዋን ጠየቀ፤ እንደ ፈረንጆች በ1966 መውጣቷን ሲሰማ በጣቱ ቆጥሮ በእኛ 58 መሆኑን ደረሰበት። እሱም የ58 ልጅ ነው። "እኩያዬ ናት!" አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ እሷ ክፉ ቃል መናገር አይችልም። ይልቁንም ዓይኗን ይወደዋል። የፊት መብራቷ ዙሪያ ጥቋቁር ሽፋሽፍት አላት፤ ወደ ሰማይ ቀና ብላ ታያለች። "ይቺ መኪና አይደለችም፣ ሙሽራ ናት" ይላል።

የማህጁብ ቴስታሮሳ በፈረንጅ 1984 የወጣ ነው። ማህጁብ የወደደው ለጎኑ መስመሮች ነው። የማህጁብ አባት እንደ ድሮ የበርታ ሰዎች ጉንጫቸው ላይ ሦስት ሦስት የተበጣ መስመር ነበራቸው፤ "ጣልያን አባቴን ሳያይ እንዴት ይህን ሠራ?" እያለ ይገረማል። ቸሩ ግን መኪናውን ጠምዶ ይዞታል። መጀመሪያ ነገር መብራቱ ክዳን ውስጥ ይደበቃል፤ ስለዚህ ስሙ "ዓይነ ስውሩ" ነው። ሁለተኛው ነገር ዓመቱ ነው። 84 ማለት በእኛ 77 ነው፤ ቸሩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ፣ ከወሎ በሰፈራ መኪና ተጭኖ፣ አሶሳ የወረደበት። "እኛ ስንራብ እነሱ ይህን ይሠሩ ነበር" ይላል። እዚህ ላይ ማህጁብ ሁልጊዜ ተነስቶ ወደ ጭነት መኪናው ይሄዳል።

"ለመሆኑ የቱ ነው የሚበልጠው?" አለ ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ፣ ባነሩን ቀና ብሎ እያየ።

ይህን የጠበቀ ይመስል እዩኤል ስልኩን አወጣ። እዩኤል ከሐዋሳ ተመድቦ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ መኪናውን ቸሩ ጋ የሚያሠራ ወጣት ነው። "የመጀመሪያዋ ሚውራ ሦስት መቶ ሃምሳ የፈረስ ጉልበት። ቴስታሮሳ ሦስት መቶ ዘጠና" አለ።

"በአርባ ፈረስ ይበልጣል በለኛ" አለ የጠየቀው።

"አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቶ አርባ ፈረስ ብቻ?" አለ ሌላው። "በዚህ ዕድሜ ፈረሶቹ ራሳቸው አይዋለዱም እንዴ?"

"እስቲ ዝም በሉ!" አለ ታረቀኝ። "ለቅሶ ቤት ስለ መኪና አይወራም።"

ንፍሮ ዞረ። ታረቀኝ ሁለት ፍሬ ባቄላ አኝኮ ጨረሰና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስንት ሰው ይጭናሉ?"

"ሁለቱም ሁለት ሁለት" አለ እዩኤል።

"ሁለት! አሥራ ሁለት ሲሊንደር ይዘው ሁለት ሰው?" ታረቀኝ ንፍሮውን አስቀመጠ። "ባጃጅ እንኳ ሦስት ይጭናል።"

በሌላ ቀን ቢሆን ማህጁብ እዚህ ላይ ተነስቶ እስኪመሽ ይሟገት ነበር። አሁን ግን ንፍሮውን አንድ በአንድ ይለቅማል። ክርክሩ ግማሹ ነው የመጣ፤ ግማሹ ትናንት ተቀብሯል።

የማህጁብና የቸሩ ጠብ የሁለት ወር ዕድሜ ነበረው። ጋራዡ ውስጥ ሰው ሞልቶ፣ ማህጁብ ትኩስ ወሬ ይዞ ገባ፤ የመጀመሪያዎቹ ሚውራዎች ሞተርና ካምቢዮ የሚኖሩት በአንድ ዘይት ነው፣ ከእዩኤል ስልክ ላይ ሰምቷል።

"ሁለት ጎረቤት ከአንድ ድስት ሲበላ አይተሃል፣ ያ ቸሩ?"

"ፍቅር ስላላቸው ነው!" አለ ቸሩ ከመኪና ሥር ሆኖ። "የአንተስ ዓይነ ስውር? ቺንጋውን ለመቀየር ሞተሩ ተፈትቶ ይወርዳል። ቀበቶ ለመቀየር ሆድ ዕቃውን የሚያወጣ ሰው አይተሃል?"

ሰው ሳቀ። ማህጁብን ያናደደው ሳቁ ነው። "ታዲያ አንተ ታወርደዋለህ። መካኒክ አይደለህ?"

"እኔ አላወርድም! ያ መኪና እዚህ ግቢ አይገባም! ቢመጣም በሩ ላይ ያለው ድንጋይ ሆዱን ዘርጥጦ ያስቀረዋል።"

"እንደዚያ ነው? ለሜሳ ጋ እወስዳለሁ።"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማህጁብን መኪና ከቸሩ ሌላ መካኒክ ነክቶት አያውቅም። ቸሩ ከመኪናው ሥር ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ የኦክቶበርን ፎቶ ከግድግዳው ነቅሎ ለማህጁብ ሰጠውና "ሂድ" አለው። ማህጁብም እልኸኛ ነው፤ በማግስቱ የጭነት መኪናውን ፍሪሲዮን ለሜሳ ጋ አሳሰረ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ሲገናኙ አንዱ ማንጎ ያያል፣ ሌላው ሰማይ። የሚመጣው ሳምንት እታረቀዋለሁ እያለ ሁለት ወር አለፈ፤ ከዚያ ስልክ መጣ። ቸሩ ቁርሱን በልቶ፣ ቱታውን ለብሶ፣ ጋራዡ በር ላይ ወድቋል። ማህጁብ ከካማሺ ሊበር ሲል ደግሞ የለሜሳ ፍሪሲዮን ጨሰ። እልኹ ቀብር አስቀረው ማለት ነው።

ስለዚህ አሁን ማህጁብ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቸሩ ተቀይሞት ሞተ ወይስ ይቅር ብሎት? ባነሩ ይቅር ብሎሃል ይላል። በባነር ብቻ ግን ሰው እንቅልፍ አይወስደውም።

ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ቤት ገባ። የቸሩ ሚስት በለጡ ከሴቶቹ መሃል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ስታየው እንባዋ ቀደመ።

"አያ ማህጁብ! አሁን መጣህ? አሁን ነው የሚመጣ?"

ማህጁብ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። አማርኛን አርባ ዓመት ቢናገርም ሴትን "አንተ" ማለቱን አልተወም፤ በለጡም አርማው አታውቅም።

"በለጡ፣ አንተ እውነቱን ንገረኝ። ስሜን አነሳ? ሰደበኝ?"

"ለእኔስ አንድ ቀን አላነሳህም።"

ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር። ቸሩ የሚወደውን ሰው ሳይሰድብ ውሎ አያውቅም።

"ባነሩስ? መኪናውን እሱ አይደለም የመረጠ?"

"የሞተ ሰው እንዴት ብሎ ባነር ያሠራል፣ አያ ማህጁብ!" በለጡ በእንባዋ መሃል ሳቅ አመለጣት፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ሐኒ ናት ያሠራችው። ሁለት ሽማግሎች፣ በማትነዱት መኪና! አሁን ይኸው፤ እሱ ሄደ፣ መኪናውም አልመጣ።"

ሐኒ ቶንጎ ከተማ የምታስተምር ልጃቸው ናት። ማህጁብ እየተጎተተ ወጣ። ስህተት ነው ማለት ነው። ልጅቷ ቀይና ብርቱካናማ መኪና መለየት አቅቷት ነው። ቸሩ አላመነም፣ ይቅርም አላለም፤ ጭራሽ ከጠላው መኪና ጋር ተሰቅሎ አገር ያየዋል።

እዚህ ላይ ማህጁብ ራሱ ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ወደ ካርታ ተጫዋቾቹ ተመለሰና ቆመ።

"ይሄ ባነር ሐሰት ነው" አለ። "የቸሩ መኪና ሚውራ ነው። ዓይን ያለው መኪና ነው። ሽፋሽፍት አለው!"

"ሞተርና ካምቢዮዋ በአንድ ዘይት ነው አላልክም?" አለው ታረቀኝ።

"ፍቅር ስላላቸው ነው!"

እስኪመሽ ድረስ ተሟገተ። የቸሩን ቃል በቸሩ ድምፅ እየተናገረ፣ የገዛ መኪናውን ዓይነ ስውር እያለ። ታረቀኝ ቀስ በቀስ ወደ ቴስታሮሳ አዘነበለ፤ በርታም ወሎም፣ ክርስቲያንም እስላምም፣ ድንኳኑ ሁለት ላይ ተከፈለ። አንዴ ማህጁብ ጥሩ መልስ መለሰና "ሰማህ?" ብሎ ወደ ግራው ዞረ። ግራው ላይ ማንም አልነበረም። ያን ጊዜ 77 ትዝ አለው። ከሰፈራው መኪና የወረደ አንድ ከሲታ ጎረምሳ፤ ማህጁብ እኩያው ነበር፣ ማንጎ ሰጠው። ጎረምሳው ማንጎ አይቶ ስለማያውቅ ከነልጣጩ ነከሰ፤ ፍሬው ጋ ሲደርስ ጥርሱን ይዞ ጮኸ። ማህጁብ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ቸሩም በፍሬው ግንባሩን አለው። ጓደኝነታቸው በዚያ ፍሬ ነው የተጀመረ።

በሦስተኛው ቀን ሰልስት ወጣ። የእድሩ ሰዎች ወንበር እየቆጠሩ፣ ድንኳኑን ሊያወርዱ ገመድ እየፈቱ ሳለ ማህጁብ ሐኒን ባነሩ ሥር አገኛት።

"ሐኒ፣ ልጄ፣ አልተቆጣሁህም" አለ፣ ተቆጥቶ። "ግን ይሄ የአባትህ መኪና አይደለም። አባትህ ሚውራ ነው።"

ሐኒ ደነገጠች። "እንዴ፣ ጋሽ ማህጁብ! ባነር ሠሪው አባትሽ የሚወደው ነገር ምንድን ነው ሲለኝ፣ ይሄን ነው የሰጠሁት። ሁለት ወር ሙሉ የሚጠይቀኝ ስለዚህ መኪና ብቻ ነበርኮ።"

"ማን?"

"አባዬ።" ስልኳን አወጣች። ከሞተ ወዲህ ልትሰማው አልደፈረችም ነበር። "ድምፅ እየቀዳ ይልክልኝ ነበር" አለችና ተጫነችው።

የቸሩ ድምፅ ከነጉረምረምታው ግቢው ውስጥ ወጣ። ገመድ የሚፈቱት ሰዎች እጃቸው ላይ ገመድ እንደያዙ ቀሩ።

"ሐኒዬ፣ እንደምን ዋልሽ። ያ የማህጁብ መኪና፣ ያ ዓይነ ስውሩ፣ ሞተሩ ሲወርድ በላይ ነው በታች? እስቲ ኢንተርኔቱ ላይ ፈልጊልኝ። ለራሴ አይደለም።"

ሁለተኛው፦ "የላክሽው ደረሰኝ። ከነኋላ እግሩ ተፈትቶ በታች ነው የሚወርድ። ይቻላል። ሰንሰለት አለኝ። አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል። ለሜሳ ግን አይችለውም፤ ያበላሸዋል።"

ሦስተኛው ላይ ቸሩ ያስላል። "ከመሬት አንድ ስንዝር አይሞላም ነው ያልሽኝ? እንግዲያ ያ ድንጋይ ሆዱን ይቀደዋላ። እኔም አፌን አላርፍ ብዬ ተናግሬዋለሁ። ነገ ሠራተኛ ጠርቼ አስነሳዋለሁ። ያ ግትር መምጣቱ አይቀርም፤ ሲመጣ በሩ ላይ እንዳያፍር። ደሞ ለማህጁብ እንዳትነግሪው። ይኮራል።"

ስልኩ ዝም አለ። ሁሉም ቀስ ብለው ወደ በሩ፣ ወደ ልሙጡ ሲሚንቶ ዞሩ። ሬሳ ለማሳለፍ ነው ያለው ታረቀኝ መሬት መሬቱን አየ።

"ለሰው እግር ሃያ ዓመት ያላነሳውን!" አለች በለጡ ከበረንዳው፣ ነጠላዋን እየነከሰች። "ለእኔ እንስራ ያላነሳውን!"

ማህጁብ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ሳቁ መሃል ላይ ተጠማዘዘና በመጣ ቀን በሩ ላይ የጠፋው ለቅሶ ተነሳ። "ወንድሜን!" አለ፤ አሁን ቃሉ ሳይቆረጥ ሙሉውን ወጣለት። ታረቀኝ ሊይዘው መጣና፣ ያ የማይስቅ ፊቱ ተበላሽቶበት፣ አብሮት አለቀሰ።

ሲወጣላቸው ሐኒ ባነሩን ልትፈታ ተንጠራራች። "ለአርባው በትክክለኛው መኪና አሠራዋለሁ፣ ጋሽ ማህጁብ። ሚውራዋን።"

"አይ። አትቀይረው፣ ልጄ።" ማህጁብ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። "አንተ አስተማሪ ነህ፤ ማርከር አለህ?"

ቦርሳዋ ውስጥ የማይለቅ ጥቁር ማርከር ነበራት። ማህጁብ ጫማውን አውልቆ የእድሩ ወንበር ላይ ወጣ። ካፑን በጥርሱ ከፈተ። ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ፣ በራሱ መኪና በተከደኑት መብራቶች ላይ ሁለት የተከፈቱ ዓይኖች ሣለ፤ ዙሪያቸውንም አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል፣ ሽፋሽፍት አወጣላቸው።